ጆሮን ማሟሸት፦ ከአስቴር ጋኖ እስከ አባ ካርቶን

ባለፈው ክረምት ቤተሰብ ልጠይቅ ነቀምቴ ሄጄ አልጋ ስር አንድ የቆየ ካርቶን አገኘሁ። የሳሙና ካርቶን ነው፤ ውስጡ ግን 63 ካሴት ነበር (ቆጠርኳቸው፤ ዝናብ ይዞኝ ሌላ ሥራ አልነበረኝም)። የአብዛኞቹ ሽፋን ጠፍቷል። አንዷ ላይ በአባ የእጅ ጽሑፍ «ሰርግ» ተብሎ ተጽፏል። የማን ሰርግ? መቼ? የት? ምንም የለም።

«አባ፣ ይቺ የማን ሰርግ ናት?»

«ስታዳምጣት ታውቃታለህ።»

የላላውን የቴፕ ጎማ የሚቀይር ሰው ፈልጎ ማግኘት ሁለት ቀን ፈጀ። በሦስተኛው ቀን ካሴቷን ከትቼ ተጫንኩ። መጀመሪያ «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ፣ ከዚያ ጭብጨባ፣ እልልታ፣ ከበሮ፣ የሴቶች ዘፈን። ግማሽ ደቂቃ ያህል ሰማሁ መሰለኝ። ከዚያ እጄ ማንም ሳያዘው ሄዶ ስልኬን አወጣ። ዘፈኑ ሲያልቅ አባ ቀና ብለው አዩኝ።

«ሰማሃት?»

«ካሴቷን?»

«አኮህን ነዋ!»

አኮ የአባቴ እናት ናቸው። ያረፉት እኔ አምስት ዓመት ሳይሞላኝ ነው። ፎቶግራፋቸው ግድግዳ ላይ አለ፤ ድምፃቸው የቀረው ግን እዚያች ክር ላይ ብቻ ነው። የአባ ቀኝ ጆሮ ከደከመ ዓመታት አልፈዋል። እሳቸው በአንድ ጆሮ የሰሙትን እኔ በሁለት ጤነኛ ጆሮ አልሰማሁትም። እውነቱን ልንገራችሁ? አፈርኩ። ይህ ጽሑፍ የዚያ እፍረት ውጤት ነው።

እንግዲህ ሁለቱም ቋንቋዎቻችን ነገሩን ድሮ ለይተው አስቀምጠውታል። በአማርኛ መስማት አለ፤ ማዳመጥም አለ። በኦሮምኛም «ዸገኡ» አለ፤ «ዸጌፈቹ» ደግሞ ሌላ ነው። የመጀመሪያው ጆሮ ስላለን ብቻ የሚሆን ነገር ነው። ሁለተኛው ሰው አስቦበት፣ ተዘጋጅቶ የሚያደርገው ሥራ ነው። አዲስ ጀበና እንኳ ሳይሟሽ ቡና አይፈላበትም፤ አዲስ ምጣድም ሳይሟሽ እንጀራ አያወጣም። ጆሮስ? የእኛ ወላጆችና አያቶች ጆሯቸውን የሚያሟሹት በምን ነበር? ጥያቄዬ ይኼ ነው። መልሱን ፍለጋ ትንሽ ወደኋላ እንሂድ። (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ በእኛ ሲሆን «ዓ.ም.» እላለሁ።)

500 ነገር የያዘ ጆሮ

ነቀምቴ ስለ ጆሮ ሲወራ መጀመር ያለበት ከአስቴር ጋኖ ነው። አስቴር ልጅ ሳለች በባርነት የተወሰደች ኦሮሞ ናት። በ1886 ወደ ዓረብ አገር ሊሻገር የነበረ ባሪያ የጫነ መርከብ በጣልያን ባሕር ኃይል ሲያዝ ነፃ ወጣች። ምፅዋ አጠገብ ምንኩሉ በሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባች። እዚያም እንደሷ ከባርነት የወጣውን ኦነሲሞስ ነሲብን አገኘችው። ኦነሲሞስ በ1887 መቶ መዝሙሮች የያዘ የኦሮምኛ የመዝሙር መጽሐፍ አሳትሞ ነበር፤ በ1899 ደግሞ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ፣ በግዕዝ ፊደል፣ ስዊዘርላንድ ታተመ። ይህን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ።

ብዙ የማይወራው የአስቴር ሌላ ሥራ ነው። አስቴር 500 ያህል የኦሮሞ ባህላዊ ዘፈኖችን፣ ተረቶችን፣ ምሳሌያዊ አባባሎችንና እንቆቅልሾችን ጽፋለች። ከእነዚህ ብዙዎቹ በ1894 በታተመው የኦሮምኛ የንባብ መማሪያ ውስጥ ገብተዋል። ከየት አመጣቻቸው? መንደር ለመንደር ዞራ አይደለም፤ አገሯ ከምንኩሉ ስንት ቀን መንገድ ነው! መቅረጸ ድምፅም አልያዘችም። ከትዝታዋ ነው የጻፈችው። ልጅ ሆና በጆሮዋ ያስገባችው፣ ባርነትና ስደት ያላራገፉት ነው።

እስቲ አስቡት። አገርህን፣ ዘመድህን፣ ነፃነትህን ቀምተው ሲያበቁ የማይቀሙህ አንድ ነገር ያዳመጥከው ነው። አስቴር በ1904 ከኦነሲሞስና ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር ወደ ወለጋ መጥታ ነቀምቴ ላይ አስተማሪ ሆነች። ኦነሲሞስም በ1931 እስኪያርፍ ድረስ ኑሮው እዚሁ ነበር። ስለዚህ የዚህች ከተማ የመጀመሪያው የድምፅ ማኅደር አንዲት ሴት ናት ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

ያ ጆሮ በምን ተሟሸ? በምሽት፣ በእሳት ዳር፣ በጌረርሳ። ጌረርሳ የማታውቁ ካላችሁ የፉከራና የቀረርቶ ዘመድ ነው፤ ነገር ግን ጀግንነት ብቻ ሳይሆን ችግርም፣ በደልም፣ ብሶትም ይወርድበታል። ዘፋኙ ሲጀምር ወሬ ይቆማል። አድማጩ ዝም ብሎ የሚቀመጥ እንዳይመስላችሁ፤ በየመሃሉ እያበረታታ፣ እየመለሰ ይሳተፋል። በትክክለኛው ቦታ ለመመለስ ደግሞ ቃል በቃል መከታተል ግድ ነው። አለበለዚያ ባልሆነ ቦታ ትጮህና መሳቂያ ትሆናለህ። ማንም «ጆሮህን አዘጋጅ» አላለም፤ ነገሩ ራሱ ያዘጋጅሃል።

ራዲዮ፦ ጫና ያለበት ማዳመጥ

የሁለተኛው ትውልድ አሰልጣኝ ራዲዮ ነው። በአገራችን የራዲዮ ሥርጭት የተጀመረው በ1935 ቢሆንም በየቤቱ የገባው ባትሪ ድንጋይ የሚበላው ትንሹ ትራንዚስተር ከመጣ በኋላ ነው። በ1963 የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አዲስ አበባ ላይ ብሥራተ ወንጌል የራዲዮ ጣቢያን ከፈተ። መካነ ኢየሱስ ሥር በሰደደችበት ወለጋ ይህ ጣቢያ ዘመድ ማለት ነበር። በመጋቢት 1977 ደርግ ወረሰውና «የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ» ሆነ።

አባ የሚያወሩት ስለ ፕሮግራሙ ሳይሆን ስለ አደማመጡ ነው። የአጭር ሞገድ ድምፅ ወደ ሰማይ ወጥቶ፣ ከላይኛው የአየር ንብርብር ነጥሮ ነው የሚመለሰው። ንብርብሩ ደግሞ አንድ ቦታ አይረጋም። በዚህ ምክንያት ድምፁ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ይጮኻል፣ ይሰምጣል። በዚያ መሃል ሌላ አገር ሌላ ቋንቋ ጣልቃ ይገባል። አንዱ ሰው አንቴናውን ይዞ ይቆማል። ባትሪው ከደከመ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ «ነፍስ ይዘራል»። የሚወዱት ዘፈን ሲመጣ ታዲያ ቤቱ በሙሉ ትንፋሹን ይውጣል፤ ምክንያቱም መድገም የለም። ዛሬ ያመለጠህ ዘፈን መቼ እንደሚመለስ ራዲዮ ጣቢያው እንጂ አንተ አታውቅም።

አባ አንድ ዘፈን ሁለቴ ሰምተው ግጥሙን ከነዜማው ይዙ ነበር። እኔ መቶ ጊዜ የሰማሁትን ዘፈን ሁለተኛ አንቀጽ አላውቅም። ጭንቅላታቸው ከእኔ ይበልጣል? (ሊሆን ይችላል፤ እሳቸው እንደዚያ ነው የሚሉት።) ግን ዋናው ነገር እሱ አይመስለኝም።

ሸክላ፣ ካሴት፣ ሰዓት እላፊ

ከ1948 ጀምሮ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። በ1969 አምሃ እሸቴ የሚባል የሃያዎቹ ዕድሜ ወጣት ይህን ገደብ ጥሶ አምሃ ሪከርድስን ጀመረ፤ የመጀመሪያው ሸክላ የዓለማየሁ እሸቴ ነው። ከዚያ ካይፋ ሪከርድስ ተከተለ። በ1971 ደግሞ አሊ ቢራ በኦሮምኛ የመጀመሪያው የሚባለውን አልበም አወጣ። የትንሿ ሸክላ አንድ ፊት የሚይዘው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ካለቀ ተነስተህ ትገለብጣለህ። ይህ ሁሉ ግን ማጫወቻ ለነበረው ነው፤ ወለጋ ውስጥ ያ ጥቂት ሰው ነው።

ብዙኃኑን ባለሙዚቃ ያደረገው ካሴት ነው። ፊሊፕስ ካሴትን ለዓለም ያስተዋወቀው በዚያው ብሥራተ ወንጌል በተከፈተበት በ1963፣ በርሊን ላይ ነው። እኛ ዘንድ በ1970ዎቹ ሸክላን አሸንፎ ወጣ። ጊዜውን ልብ በሉ። ከ1974 በኋላ ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ የሌሊት ሙዚቃ ከአዳራሽና ከክበብ ወጥቶ ወደ ቤት ተሰደደ። በሩ ተዘግቷል፣ መውጣት የለም፣ ቴፑ ጠረጴዛ ላይ ነው። የቤት ማዳመጥ የምንለው ልማድ ለብዙ ቤተሰብ የተወለደው በምርጫ ሳይሆን በገደብ ነው።

ካሴት ሌላም ነገር አመጣ፤ መቅዳት። አሁን የየቤቱ ሰርግ፣ የየቤቱ አኮ ድምፅ መቀረጽ ቻለ። የእኔዋ «ሰርግ» የመጣችው ከዚህ ነው። ደግሞም ካሴት ለመዝለል የተመቸ አይደለም። ክሩ በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር እየተጎተተ ይሄዳል። አንድ ዘፈን ለመዝለል ታጠነጥናለህ፣ ታቆማለህ፣ አልፈኸው ትገኛለህ፣ ትመልሳለህ። ባትሪ ለመቆጠብ ደግሞ በእስክሪብቶ ነው የምትጠመዝዘው። ስለዚህ ሰው የማይወደውንም ዘፈን ያዳምጣል፤ ሲያዳምጥም አንዳንዴ ይወደዋል።

እዚህ ላይ «ድሮ ቀረ!» ልል ነው ብላችሁ ከጠበቃችሁ አይደለም። ድሮም ጫጫታ ነበር፤ የየቡና ቤቱ ቴፕ ማንም የማያዳምጠውን ሙዚቃ ሲጮኽ ይውላል። ተባዝቶ የተሸጠ ካሴትም ስንቱን ዘፋኝ ባዶ እጁን አስቀርቷል። የምለው ሌላ ነው። ወላጆቻችን ከእኛ የተሻሉ አድማጮች የሆኑት ከእኛ የተሻሉ ሰዎች ስለነበሩ ብቻ አይደለም። እሳቱ፣ አንቴናው፣ ባትሪው፣ ክሩ፣ ሰዓት እላፊው ጆሯቸውን እያስገደደ ያሟሽላቸው ነበር። የእኛ ስልክ ይህን ሁሉ ግዴታ አነሳልን። እሰየው! ግን ማሟሸቱን የሚሠራልን ሌላ የለም። ከእንግዲህ ራሳችን ነን።

ዝምታ ብቻውን አይበቃም

«ስልኩን ወርውረው፣ ዝም በል፣ ጆሮህ ይከፈታል» የሚል ሰው አይጠፋም። በ2012 ዓ.ም. ይህን ያለፍላጎታችን ሞከርነው። ከታኅሣሥ ማብቂያ እስከ መጋቢት ድረስ በቄለም፣ በምዕራብ ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ስልክም ኢንተርኔትም ተዘጋ። እኛ ምሥራቅ ወለጋ ኢንተርኔት ጠፍቶ ስልክ በዋና ዋና ከተሞች ብቻ ይሠራ ነበር። ዩቲዩብ የለም፣ ቴሌግራም የለም። ያለን ስልካችን ላይ የቀረው ዘፈንና ራዲዮ ነው።

ታዲያ ያን ጊዜ ጥሩ አድማጭ ሆንን? አልሆንንም። ዝምታው ሞልቷል፤ ጆሯችን ግን ሥራ ላይ ነበር። ደጅ የቆመች መኪና፣ ሌሊት የጮኸ ውሻ፣ ከገጠር የመጣ ሰው ወሬ። ቄለም ያለ ዘመዱ በሕይወት መኖሩን የማያውቅ ሰው ሙዚቃ ቢከፍትም የሚሰማው ከሙዚቃው ጀርባ ያለውን ነው። ፍርሃት የያዘው ጆሮ እጅግ ንቁ ነው፤ ለዜማ ግን ቦታ የለውም። ማዳመጥ ዝምታ ብቻ ሳይሆን ትንሽ ሰላምም ይፈልጋል። ለዚህ ነው ዛሬ ግማሽ ሰዓት ሰላም ያለው ሰው ያቺን ግማሽ ሰዓት ባያባክናት የምለው።

እንዴት ይሟሻል?

ካርቶኑን ካገኘሁ በኋላ ያነበብኩትንና የሞከርኩትን እነሆ።

በመጀመሪያ ጆሮን ማሳረፍ። ከአዲስ አበባ ነቀምቴ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውቶቡሱ ውስጥ ራስህ ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ቀኑን ሙሉ ሲጮኽብህ ከዋለ ስትወርድ ዓለም በጥጥ የተጠቀለለች ትመስላለች። ይህ ጊዜያዊ የመስማት መቀነስ ነው፤ ለመመለስ ሰዓታት፣ አንዳንዴም አንድ ሙሉ ሌሊት ይፈልጋል። በየጆሯችን ውስጥ 15 ሺህ ያህል ጸጉር መሳይ የድምፅ ሕዋሳት አሉ፤ ከሞቱ አይበቅሉም። ስለዚህ በመጣህበት ዕለት አታዳምጥ፤ ተኛ። በሌላ ቀንም ከማዳመጥህ በፊት ሩብ ሰዓት ያህል ያለ ምንም ድምፅ ተቀመጥ። መጀመሪያ ይጨንቃል፤ ቀጥሎ የሩቅ ዶሮ መስማት ትጀምራለህ። ያኔ ተሟሽተሃል።

ሁለተኛ፣ በክብሪት እንጨት፣ በቁልፍ፣ በእስክሪብቶ ክዳን ጆሮ መጎርጎር ይቅር! የጆሮ ኩክ ብዙውን ጊዜ ራሱ ይወጣል፤ የምንጎረጉረው ወደ ውስጥ ነው የሚገፋው። ከደፈነ ክሊኒክ ነው።

ሦስተኛ፣ ድምፅ መቀነስ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው 80 ዴሲቤል በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ማዳመጥ ይቻላል። 90 ዴሲቤል ሲደርስ ግን የሚፈቀደው 4 ሰዓት ብቻ ነው። ድርጅቱ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ወጣቶች በዚህ ምክንያት ጆሯቸው አደጋ ላይ እንደሆነ ይናገራል። ዘዴው ቀላል ነው፤ ድምፁን ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ መጥነህ አስተካክለው፣ ከዚያ አትንካው። ትንሽ ያነሰ ሲመስልህ ጆሮህ ራሱ ወደ ሙዚቃው ይጠጋል።

አራተኛ፣ የስልክን ትንሽ ድምፅ ማጉያ አትመን። ወፍራሙን ድምፅ ማውጣት አይችልም። ከበሮው «ድም» ሲል አንተ የምትሰማው «ጠቅ» ነው። አእምሯችን የጎደለውን ስለሚሞላ ጉድለቱ አይታወቀንም። ሻል ያለ ድምፅ ማጉያ፣ ካልሆነም ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ፣ ቀስ ተደርጎ።

አምስተኛ፣ ይቺ ለነቀምቴ ልጆች ናት፤ ሰዓት መምረጥ። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ እንኳን ክራር አጠገብህ ያለ ሰውም አይሰማ። ጠዋት፣ ደመናው ሳይከብድ፣ ከቡና ጋር።

በመጨረሻ፣ አንዱን ዘፈን ሦስቴ። መጀመሪያ ከበሮውን ብቻ ተከተል። ቀጥሎ መሣሪያውን፤ ክራር ይሁን ማሲንቆ፣ ቅኝቱ ትዝታ ይሁን ባቲ፣ አምባሰል ወይስ አንቺሆዬ፣ ለመለየት ሞክር። ብትሳሳት ማንም አይቀጣህም። በሦስተኛው ድምፁን አዳምጥ። ሦስቱን አንድ ላይ መስማት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ተመልሰን ወደ ሰርጓ

በሁለተኛው እሑድ ጠዋት ከአባ ጋር እንዲህ አደረግን። ቴሌቪዥኑ ተዘጋ፣ ፍሪጁ ከሶኬት ተነቀለ፣ ስልኬን ጓዳ አስቀመጥኩት። ክሩ ያረጀ ስለሆነ በኋላ እንዳይቆጨን ካሴቷን አስቀድመን ወደ ኮምፒውተር ገልብጠናታል። ሩብ ሰዓት ዝም ብለን ተቀመጥን። አባ ግራ ጆሯቸውን ወደ ድምፅ ማጉያው አዙረው መዳፋቸውን ከኋላው አደረጉ።

በመጀመሪያው ከበሮውን ሰማሁ። በሁለተኛው አውጪዋን፤ ወጣት፣ ደፋር ድምፅ። በሦስተኛው ከተቀባዮቹ መሃል አንድ ድምፅ ተለየኝ። ከሌሎቹ ትንሽ ዘግይቶ የሚገባ፣ ሌሎቹ ጨርሰው እሱ ብቻ የመጨረሻዋን ፊደል ይዞ የሚቆይ። ወደ አባ ዞርኩ። ገና ሳልጠይቅ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከዚያ ሌሎቹን ይጠሩልኝ ጀመር። «ይቺ የጎረቤታችን ሚስት ናት። ይቺ ሳቂታዋ አክስትህ። ከበሮውን የምትመታዋን ስሟን ረሳሁት፤ ቆይ ይመጣል።» ሁሉንም ደብተር ላይ ጻፍኩ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። ኮምፒውተሩ ድምፁን ያስቀምጥልናል፤ ማን እንደሆነች የሚያውቀው ግን የአባ ጆሮ ነው። ያዳመጠ ሰው ከሌለ 63ቱም ካሴት «ሽሽሽ» ብቻ ናቸው። አስቴር ጋኖ ያለ ምንም ማሽን 500 ነገር አድናለች፤ እኛ ማሽኑ ሁሉ እያለን አያታችንን ከጭብጨባ ልንለይ አቅቶን ነበር።

62 ካሴት ይቀረናል። በሚቀጥለው በዓል እመለሳለሁ። የአባ ግራ ጆሮ እስካሁን ደህና ነው።

እናንተስ? እቤታችሁ፣ አልጋ ስር ምን አለ? ማንስ ነው ድምፁን የሚያውቀው?